«በዘራችሁ አለ ወይ?»፦ የሚጥል በሽታ፣ ዘረመልና መድኃኒት ከኮሶዬ ደጋ ሲታዩ

መግቢያ

ከጎንደር ከተማ ተነሥቶ ወደ ደባርቅ በሚወስደው አውራ ጎዳና ወደ ሰሜን የሚጓዝ ሰው፣ ዳገቱን ጨርሶ ደጋውን ሲይዝ ኮሶዬን ያገኛል። አካባቢው ብርዳም ነው፤ ከገደሉ አፋፍ ለቆመ ሰው የቆላው አገር ከሩቅ ይታያል። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ የሕክምና ትምህርቱን ጨርሶ ሥራ በጀመረባቸው ዓመታት፣ ከዚህ ደጋ የመጡ አንድ አባት ያቀረቡለት ጥያቄ እስከ ዛሬ ከልቡ አልወጣም።

ታላቂቱ ልጃቸው የሚጥል በሽታ ነበረባት። ፌኖባርቢታል ከጀመረች ወዲህ ግን ለወራት ጥሏት አያውቅም። አባትየው የመጡት ስለ እርሷ ለመጠየቅ አልነበረም። ታናሺቱ ታጭታ ነበርና የወንዱ ቤተሰቦች በሽማግሌ «በዘራችሁ አለ ወይ?» ብለው አስጠይቀዋቸዋል። «ዶክተር፣ ምን ብዬ ልመልስላቸው?» አሉኝ። እኔም በመጽሐፍ ያነበብሁትን ይዤ፣ ሌላ ማብራሪያ ሳልጨምር፣ «አዎ፣ አንዳንዱ በዘር ይተላለፋል» አልኋቸው።

ጋብቻው ፈረሰ። የደረሰው ጉዳት በዚህ ብቻ አላበቃም። ቤተሰቡ ታላቂቱን ልጅ ከሰው ዓይን ሸሸጋት፤ ወደ ክትትል መምጣቷም ቀረ። ፌኖባርቢታል በድንገት ሲቋረጥ ሕመሙ ከቀድሞው በርትቶ ሊመለስ እንደሚችል ለጤና ባለሙያ መንገር አያስፈልግም። ከጥቂት ወራት በኋላ ልጅቷን እንደገና ያየኋት እሳት ላይ ወድቃ እጇ ከተቃጠለ በኋላ ነው።

የተናገርሁት ቃል ከሳይንስ አንጻር ሐሰት አልነበረም፤ ለጥያቄው የሰጠሁት መልስ ግን ስሕተት ነበር። ለምን ስሕተት እንደ ነበረ በዚህ ጽሑፍ ታሪኩን ተከትዬ ለማስረዳት እሞክራለሁ። የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

መንፈስና ዘር

የሚጥል በሽታ በዘር ይመጣል የሚለው ሐሳብ አዲስ አይደለም። ከ2400 ዓመታት ገደማ በፊት በሂፖክራተስ ስም የሚታወቀው የግሪክ ሕክምና ጽሑፍ፣ ይህ ሕመም ከአማልክት የተላከ ሳይሆን ከአንጎል የሚነሣ፣ እንደ ሌሎች በሽታዎችም በዘር ሊወርድ የሚችል መሆኑን ተከራክሯል። በዚያ ዘመን ዘርን መጥቀስ በሽተኛውን ከመለኮታዊ ቁጣ ነፃ የማውጣት ሙከራ ነበር ማለት ይቻላል።

በአገራችን መንፈስና ዘር ጎን ለጎን ኖረዋል። ሕመሙ ለጋኔን፣ ለባርያ ወይም ለሌላ ክፉ መንፈስ ይሰጣል፤ ጠበል፣ ክታብና የዕፅዋት መድኃኒት ይፈለግለታል። የወደቀው ሰው አረፋ ይጋባል ተብሎ ስለሚፈራ ራሱን የሳተውን ሰው ከእሳትና ከውኃ የሚያርቀው ይጠፋል፤ ክብሪት ጭሮ የሚያሸት ግን አይጠፋም። ከዚህ ሁሉ ጋር ጋብቻ ሲታሰብ ዘር ይመረመራል። በአማራው ባህል ዝምድና እስከ ሰባት ቤት ድረስ ተቆጥሮ ጋብቻ የሚከለከል መሆኑ የታወቀ ነው።

ይህ ልማድ ከዘረመል ሳይንስ አንጻር የሚሰጠው ጥቅም አለ። አንዳንድ ከባድ የሚጥል በሽታ ዓይነቶች የሚታዩት ልጁ ከእናቱም ከአባቱም ጉድለት ያለበትን ተመሳሳይ ዘረመል ሲወርስ ነው። የቅርብ ዘመዳሞች ጋብቻ ይህን ዕድል ከፍ ያደርገዋል፤ ሰባት ቤት መቁጠር ደግሞ ይቀንሰዋል። ነገር ግን ይኸው ዘር ቆጠራ አንድ ሰው ታመመ ተብሎ ሙሉ ቤተሰብ የሚገለልበት መሣሪያ ሲሆን ጥቅሙ ያበቃና ጉዳቱ ይጀምራል።

የኮሶ ነገር

የኮሶዬ ስም የኮሶን ዛፍ ያስታውሳል። እ.ኤ.አ. በ1770 ጎንደር የገባው ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ ስለዚህ ዛፍና ስለ መድኃኒትነቱ ለአውሮፓ አንባብያን ጽፏል። እዚህ ላይ ኮሶን የምናነሣው ለስሙ ብቻ አይደለም። በላቲን አሜሪካና በበርካታ የአፍሪካ አገሮች ከሚታወቁት የሚጥል በሽታ መንሥኤዎች አንዱ የአሳማ ኮሶ እጭ አንጎል ውስጥ ገብቶ የሚፈጥረው ቋጠሮ ነው። በእኛ ደጋ በጥሬ ሥጋ የሚመጣው ግን የበሬ ኮሶ ነው፤ ይህኛው በሰው አንጎል ቋጠሮ አይሠራም። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም የአሳማ ሥጋ በማይበላበት አገር የአሳማው ኮሶ ሰፊ ቦታ ሊኖረው አይችልም። ስለዚህ ኮሶ የያዘው ሰው ሁሉ በዚያ ምክንያት ይጥለዋል ብሎ ማሰብ ተገቢ አይሆንም።

ምክንያቱን በሌላ በኩል መፈለግ ይኖርብናል። በተራዘመ ምጥ ወቅት የሚደርስ የአየር እጥረት፣ ማጅራት ገትር፣ የጭንቅላት ጉዳት፣ እንዲሁም ለሰሊጥ አጨዳ ወደ ሁመራና ወደ መተማ ቆላ የወረደን ደገኛ የሚይዘው አንጎል የሚነካ ወባ ዋና ዋናዎቹ ናቸው። ከእነዚህ ጎን የዘረመል ድርሻ አለ። ብዙ ጊዜም ሁለቱ ተደራርበው ይሠራሉ።

ዘር ወደ ፍርድ ሲለወጥ

ዘርን መርምሮ መፍረድ የእኛ ገጠር ብቻ ጠባይ አይደለም። በአሜሪካ የኮኔቲከት ግዛት እ.ኤ.አ. በ1895 የሚጥል በሽታ ያለባቸው ሰዎች እንዳያገቡ በሕግ ከልክላ ነበር። በብሪታንያም ተመሳሳይ ክልከላ የተሻረው እ.ኤ.አ. በ1970 ነው። ከሁሉ የከፋው በጀርመን የሆነው ነው። እ.ኤ.አ. በ1933 የናዚ መንግሥት ያወጣው ሕግ «በዘር የሚተላለፍ የሚጥል በሽታ» ያለባቸውን ሰዎች በግዳጅ ለማምከን ፈቀደ። ፍርዱን የደገፉት፣ ስም ዝርዝሩን ያቀረቡትና ቀዶ ሕክምናውን የፈጸሙት ሐኪሞች ነበሩ።

እዚህ ላይ የአንድ ሰው ታሪክ መነሣት አለበት። ፌኖባርቢታል የሚጥል በሽታን እንደሚያስታግስ እ.ኤ.አ. በ1912 ያሳወቀው በፍራይቡርግ ይሠራ የነበረው ወጣት ሐኪም አልፍሬድ ሃውፕትማን ነው። ሃውፕትማን የአይሁድ ተወላጅ ነበር። በዘር ሕግ ምክንያት በሃለ ዩኒቨርሲቲ የነበረውን የፕሮፌሰርነት ወንበር አጣ፤ እ.ኤ.አ. በ1938 ዳካው ማጎሪያ ካምፕ ታሰረ፤ በመጨረሻም ተሰድዶ አሜሪካ ገባና እ.ኤ.አ. በ1948 እዚያው አረፈ። ዛሬ በገጠር ጤና ጣቢያዎቻችን መደርደሪያ ላይ የምናገኘውን ክኒን ለሕክምናው ያበረከተው ሰው ራሱ የዘር ፍርድ ሰለባ ነበር ማለት ነው።

ፌኖባርቢታል ወደ ደጋው ሲወጣ

በጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ማዕከል የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1954 ነው። ለመከፈቱ ምክንያት ከሆኑት ነገሮች አንዱ ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት በደምቢያ ብዙ ሕይወት የቀጠፈው የወባ ወረርሽኝ ነበር። ኮሌጁ ጤና መኮንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና የአካባቢ ጤና ባለሙያዎችን አሠልጥኖ ወደ ገጠር ይልክ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1978 ደግሞ በምሥራቅ ጀርመን ከሚገኘው የላይፕዚግ ካርል ማርክስ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር የሐኪሞች ሥልጠና ተጀመረ።

ባለሙያን ወደ ገጠር የመላክ ይህ ልማድ ለሚጥል በሽታ የጠቀመው ቆየት ብሎ ነው። የጎንደርና የጅማ ሐኪሞች ከብሪታንያ ባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው፣ የሥር የሰደዱ በሽታዎችን ክትትል ከሆስፒታል ወደ ገጠር ጤና ጣቢያ የሚያወርድ ሥራ ጀመሩ። ከጎንደር ሽታዬ ዓለሙ የተሳተፉባቸውና እ.ኤ.አ. በ2002 እና በ2009 የታተሙ ጥናቶች ይህን ሥራና ሕሙማን ክትትላቸውን የሚያቋርጡባቸውን ምክንያቶች መርምረዋል። የሥራው መሠረት ቀላል ነበር፦ ሕመሙን ለይቶ የሚያውቅ የሠለጠነ ነርስ፣ በየወሩ የማይቋረጥ ፌኖባርቢታል፣ ከታማሚው ቤት ብዙ የማይርቅ ጤና ጣቢያ። ከሦስቱ አንዱ ሲጎድል ሁለቱ አይበቁም። በቅርብ ዓመታት በክልሉ በደረሰው ጦርነት መንገድ በተዘጋ ቁጥር ይህን እንደገና አይተናል።

ቆጠራው ያሳየው

የሚጥል በሽታ በኢትዮጵያ ገጠር ምን ያህል እንደሚገኝ በሰፊው ያሳየው ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በቡታጅራ አካባቢ በመስቃንና ማረቆ ያካሄዱት፣ እ.ኤ.አ. በ1990 የታተመ ጥናት ነው። ከ60 ሺህ በላይ ሰው በሚኖርበት አካባቢ ከ1000 ሰዎች 5.2ቱ የሚጥል በሽታ ነበረባቸው። የታወቀ ፀረ-የሚጥል በሽታ መድኃኒት ወስደው የሚያውቁት 1.6 በመቶ ብቻ ነበሩ። ከታማሚዎቹ ከአምስቱ የአንዱ ያህል በቤተሰቡ ሌላ ታማሚ ነበረ። ይህም ማለት አብዛኞቹ በቤተሰባቸው ሌላ ታማሚ አልነበራቸውም ማለት ነው።

ሌላው ሊጠቀስ የሚገባው በዝዋይ ሐይቅ ደሴቶች በሚኖሩት የዛይ ማኅበረሰብ ዘንድ የተደረገውና እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመው ጥናት ነው። በዚያ ከ1000 ሰዎች 29.5ቱ ታማሚ ሆነው ተገኙ፤ ይህም ከቡታጅራው ከአምስት እጥፍ ይበልጣል። በደሴት ተወስኖ በኖረ አነስተኛ ማኅበረሰብ እንዲህ ያለ ቁጥር ሲገኝ የዘረመል ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም። ይሁን እንጂ ቆጠራ የሕመሙን ብዛት እንጂ ምክንያቱን አይናገርም። በአንድ ማኅበረሰብ ላይ «ዘሩ ነው» ብሎ ማኅተም መምታት ከጥናቱ ውጤት አይከተልም።

ዘረመል ሁሉ ከወላጅ የወረደ አይደለም

የዘረመል ምርምሩ ራሱ የሄደበትን መንገድ ባጭሩ እንመልከት። አሜሪካዊው ሐኪም ዊሊያም ሌኖክስ በ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ መንትዮችን አጥንቶ፣ ከአንድ እንቁላል የተገኙ መንትዮች ሁለቱም የመታመማቸው ዕድል ከሌሎቹ መንትዮች እጅግ የላቀ መሆኑን አሳየ። እ.ኤ.አ. በ1995 በአንድ የአውስትራሊያ ቤተሰብ ውስጥ በእንቅልፍ ጊዜ ለሚነሣ የሚጥል በሽታ ዓይነት መንሥኤ የሆነ የመጀመሪያው ዘረመል ታወቀ። እ.ኤ.አ. በ2001 ደግሞ ድራቬ የተባለው ከባድ የሕፃናት ሕመም ኤስ.ሲ.ኤን.1ኤ በሚባል ዘረመል ላይ በሚደርስ ለውጥ እንደሚመጣ ተገለጸ።

ይህ የመጨረሻው ግኝት ለእኛ ልዩ ትርጉም አለው። በድራቬ ሕሙማን አብዛኞቹ ዘንድ ለውጡ በእናትም በአባትም ላይ የለም፤ በልጁ ላይ እንደ አዲስ የተፈጠረ ነው። ሕመሙ ዘረመላዊ ነው፤ ከዘር ማንዘር የወረደ ግን አይደለም። በአማርኛችን «ዘረመል» የሚለው ቃል «ዘር» ከሚለው ጋር አንድ ሥር ስላለው ሁለቱን አንድ አድርገን እንሰማቸዋለን። ባለሙያው «የዘረመል» ሲል፣ ሰሚው «የዘራችሁ ነውር» ብሎ ይረዳዋል። እኔም በዚያ ቀን የሳትሁት ይህን ነው።

ከአንድ ነጠላ ዘረመል የሚመጡት ዓይነቶች ከጠቅላላው ጥቂቶች ናቸው። በብዙዎቹ ዘንድ እያንዳንዳቸው ጥቂት አስተዋፅኦ ያላቸው በርካታ ዘረመሎች ከሌሎች ምክንያቶች ጋር ይደመራሉ። እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው ዓለም አቀፍ ጥናት ወደ 30 ሺህ የሚጠጉ ሕሙማንን መርምሮ ከሕመሙ ጋር የተያያዙ 26 የዘረመል ሥፍራዎችን ለይቷል። ከተመረመሩት አብዛኞቹ ግን አውሮፓውያን ነበሩ፤ ስለ ደጋችን ሰው በቀጥታ የሚነግረን ጥቂት ነው።

የቤተሰብ አደጋ መጠን በቁጥር ሲነገር ምን ይመስላል? በአሜሪካ ሚኒሶታ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ ከታማሚ ወላጆች፣ ወንድሞች፣ እህቶችና ልጆች መካከል እስከ 40 ዓመት ዕድሜያቸው የሚታመሙት ከ100 ወደ 5 ያህሉ ናቸው። ይህ ከጠቅላላው ሕዝብ በሦስት እጥፍ ገደማ ይበልጣል። ቁጥሩ የእኛ አገር አይደለም፤ ሆኖም የነገሩን ልክ ያሳያል፦ 95ቱ አይታመሙም።

መድኃኒቱና የኢትዮጵያውያን ዘረመል

ዘረመል ሰው ይታመም እንደሆነ ብቻ ሳይሆን፣ የዋጠው ክኒን በሰውነቱ ውስጥ ምን እንደሚሆንም ይወስናል። በዚህ ዘርፍ ኢትዮጵያውያን በዓለም ሥነ ጽሑፍ ቀድመው ከተጠኑት አፍሪካውያን መካከል ናቸው። እሌኒ አክሊሉና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1996 ባሳተሙት ጥናት፣ ከተመረመሩት ኢትዮጵያውያን 29 በመቶው ሲዋይፒ 2ዲ6 የተባለውን ኢንዛይም የሚያዝዘው ዘረመል የተደራረበባቸው ሆነው ተገኙ። እነዚህ ሰዎች ኮዴይንን የመሳሰሉ መድኃኒቶችን እጅግ ፈጥነው ይለውጣሉ። ይህ የታወቀ ግኝት ግን ለሚጥል በሽታ መድኃኒቶች በቀጥታ አይሠራም፤ ፌኖባርቢታልም ሆነ ፌኒቶይን በዋናነት በዚህ ኢንዛይም አይወገዱም።

ለፌኒቶይን የሚያስፈልገን ሲዋይፒ 2ሲ9 የተባለው ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 ኢጣሊያውያንንና ኢትዮጵያውያንን ያነጻጸረ ጥናት እንዳሳየው፣ የኢንዛይሙን ሥራ የሚያዘገየው *2 የተባለው የዘረመል ዓይነት በኢጣሊያውያን ዘንድ 11 በመቶ፣ በኢትዮጵያውያን 4 በመቶ ገደማ ነው፤ *3 የተባለው ደግሞ በኢጣሊያውያን ወደ 10፣ በኢትዮጵያውያን ወደ 2 በመቶ ነው። ስለዚህ በአውሮፓ የሚታወቁት የማዘግየት ምክንያቶች በእኛ ዘንድ ያነሱ ናቸው፤ ፈጽመው የሉም ማለት ግን አይደለም። በተጨማሪም በአፍሪካውያን የሚገኙና ለአውሮፓውያን የተዘጋጀ ምርመራ የማይፈልጋቸው ሌሎች የዘረመል ዓይነቶች አሉ። ፌኒቶይን መጠኑ ጥቂት ሲጨመር በደም ውስጥ ያለው ክምችት በብዙ የሚዘልል መድኃኒት መሆኑ ሲታሰብ፣ አወጋገዱ የዘገየበት ሰው በተለመደው መጠን ሊመረዝ ይችላል።

ካርባማዜፒን ሌላ ምሳሌ ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 ከታይዋን የወጣ ጥናት፣ በዚህ መድኃኒት ምክንያት ቆዳቸው የተላጠ 44 ሕሙማን ሁሉም ኤች.ኤል.ኤ.-ቢ*15፡02 የተባለውን የዘረመል ዓይነት የተሸከሙ መሆናቸውን አረጋገጠ። ይህ ዓይነት በአፍሪካውያን ዘንድ እምብዛም አይገኝም። አደገኛ ሽፍታ ግን በሌላ ምክንያትም ስለሚመጣ «ለእኛ አያሰጋም» ብሎ መዘናጋት አይቻልም።

ያለ ቤተ ሙከራ ምን ማድረግ ይቻላል?

በገጠር ጤና ጣቢያ የዘረመል ምርመራ የለም። ነገር ግን የዘረመል ዕውቀት ከሚሰጠው ጥቅም ብዙው በጥንቃቄ በሚወሰድ የሕመም ታሪክ ሊገኝ ይችላል።

አንደኛ፣ በቤተሰብ ማን እንደታመመ ብቻ ሳይሆን በስንት ዓመቱ እንደጀመረው፣ ከትኩሳት ጋር ነበር ወይስ ያለ ትኩሳት፣ ምጥ የበዛበት ወይም ማጅራት ገትር የያዘው ነበር ወይ ብሎ መጠየቅ ይገባል። ሁለተኛ፣ ወጣቱ ጠዋት ከእንቅልፉ ሲነቃ እጁ በድንገት እየዘለለ ሲኒ ወይም ብርጭቆ ይጥለው እንደሆነ መጠየቅ ነው። ይህ በቤተሰብ የሚታይ አንድ የሚጥል በሽታ ዓይነት ምልክት ሲሆን፣ ካርባማዜፒንና ፌኒቶይን ሊያብሱት ይችላሉ። ሦስተኛ፣ በአንደኛው የልደት ዓመት በትኩሳት ጊዜ ረጅም መንቀጥቀጥ የጀመረው፣ ኋላም እድገቱ የዘገየ ሕፃን ድራቬን ሊያስታውሰን ይገባል፤ ለእርሱም እነዚሁ ሁለት መድኃኒቶች አይስማሙም። አራተኛ፣ ታማሚው ወይም የቅርብ ዘመዱ ከዚህ በፊት በፌኖባርቢታል፣ በፌኒቶይን ወይም በካርባማዜፒን ሽፍታ ወጥቶበት እንደሆነ ሳይጠየቅ መድኃኒት መታዘዝ የለበትም፤ በአንዱ የተቆጣ ሰውነት በሌላውም ሊቆጣ ይችላልና። አምስተኛ፣ ፌኒቶይን የጀመረ ሰው ዓይኑ ቢርገበገብና ሲሄድ ቢንገዳገድ፣ ስካር ወይም መንፈስ ከመባሉ በፊት የመድኃኒቱ መጠን ይታይለት።

እነዚህ ጥያቄዎች ዘርን የሚጠይቁ ናቸው። ልዩነታቸው የሚጠየቁበት ዓላማ ነው፤ የሽማግሌው ጥያቄ ለመለየት፣ የእኛ ግን ለማከም ነው።

ማጠቃለያ

እኒያ አባት ዛሬ ቢመጡ የምመልስላቸው እንዲህ ነው። «አባቴ፣ የልጅዎ ሕመም የአንጎል ሕመም ነው። ከምን እንደመጣ በእርግጠኝነት አላውቅም፤ ከልደት ጉዳት፣ ከትኩሳት ወይም ከዘረመል ሊሆን ይችላል። ዘረመል ቢሆን እንኳ ከእርስዎም ከእናቷም ያልመጣ፣ በእርሷ የጀመረ ሊሆን ይችላል። የታማሚ እህትና ወንድም ከሆኑ መቶ ሰዎች ብዙዎቹ፣ ዘጠና አምስት ያህሉ፣ አይታመሙም። ታናሺቱ ጤነኛ ናት። ታላቂቱም መድኃኒቷን ካላቋረጠች ሠርታ፣ አግብታ፣ ወልዳ መኖር ትችላለች። ከፈቀዱ ሽማግሌዎቹን ይዘዋቸው ይምጡና እኔው ልንገራቸው።»

ይህ መልስ ከቀድሞው የሚረዝመው በጥቂት ደቂቃ ነው። ከውጭ በተሰለፉት ሕሙማን ብዛት ምክንያት እነዚያን ደቂቃዎች መቆጠብ ሁላችንም የሚያጋጥመን ፈተና መሆኑን አውቃለሁ። የዓለም ጤና ድርጅት አባል አገሮች እ.ኤ.አ. ከ2022 እስከ 2031 የሚዘልቀውን የሚጥል በሽታና የሌሎች የነርቭ ሕመሞች የጋራ የድርጊት መርሐ ግብር ሲያጸድቁ፣ መድኃኒት ማዳረስንና መገለልን ማስወገድን አብረው አስቀምጠዋል። ሁለቱ የማይነጣጠሉ መሆናቸውን ከዚያች ልጅ የተቃጠለ እጅ ተምሬአለሁ፤ መድኃኒቱ በመደርደሪያው ላይ ነበር፣ ከቤቷ እንዳትወጣ ያደረጋት ግን የእኔ ያልተብራራ ቃል ነው።